ቁመቱ አድጓል፤ ልጁስ?

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ቅርጫት ኳስ ነው። ኳስ አልወድም የምትሉ ገጹን ቶሎ እንዳትገልጡት፤ ወሬው ከሜዳ ይጀምር እንጂ ሜዳ ላይ አይቀርም።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ቁመትም ፍጥነትም የተሰጠው፣ ነገር ግን ሥርዓት የሚባል ነገር ያልነካው ወጣት ተጫዋች ይበስላል? ወይስ “እንዲህ ያለ ልጅ ነበር” እየተባለ ሲወራለት ይቀራል? ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የስፖርት መምህር ሆኜ ስኖር ይህን ጥያቄ ከሻይ ቤት እስከ መምህራን ማረፊያ ያልሰማሁበት ቦታ የለም። አብዛኛው ሰው መልሱን አስቀድሞ ይዞት ይመጣል። ግማሹ “ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል” ይላል። ግማሹ ደግሞ “የዱባ ቅል አይሆንም፣ ተወው” ብሎ ይደመድማል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

እኛ ጋ አንድ ልጅ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ ሽቅብ መሸሽ ይጀምራል። ያን ጊዜ ዘመዱም፣ ጎረቤቱም፣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር “ይሄስ አሜሪካ ገቢ ነው” ይለዋል። ይህ ተስፋ ያለ ምክንያት የበቀለ አይደለም። ከድንበሩ ማዶ የተወለደው ማኑት ቦል 2 ሜትር ከ31 ሳንቲ ሜትር ቁመቱን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1985 ወደ ኤንቢኤ ገብቶ በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ 397 ውርወራዎችን አክሽፏል። እሱ ግብፅ ውስጥ ኳስ ካስተማራቸው ስደተኛ ልጆች አንዱ ሉዎል ዴንግ ነበር። ዴንግ ዋው ከተማ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ ግብፅ ተሰዶ፣ ለንደን አድጎ በ2004 ኤንቢኤን ተቀላቀለ። በ2007 ሊጉ የስፖርታዊ ጨዋነት ሽልማቱን የሰጠው ለእርሱ ነው። ይህቺን ሽልማት ግን ማንም አያወራላትም። ሰው የሚያወራው ስለ ደመወዙ ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ዋንጫን የግብፁ አል አህሊ ሲወስድ የውድድሩ ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ኑኒ ኦሞት ይባላል። የአባቱን ስም ስንሰማ ጋምቤላ ውስጥ ጆሯችን ይቆማል፤ ኦሞት በአኝዋክ ዘንድ የተለመደ ስም ነውና። ኬንያ ተወልዶ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያደገው ይህ ልጅ ቤይለር የሚባለው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ከመድረሱ በፊት ብዙ ሰው በማያያቸው ትንንሽ ኮሌጆች ውስጥ ላቡን አንጠፍጥፏል። በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 ያሸነፈው የደቡብ ሱዳን ቡድን አባልም ነበር። ያን ጨዋታ ያየ ሰው አንድ ነገር ልብ ሳይል አይቀርም፤ ማንም ተጫዋች ኳሷን የግሉ ንብረት አላደረጋትም።

ሥርዓት የለውም ስንል ምን ማለታችን ነው?

“ባህርይ የለውም” የሚለው ቃል እንደ ጃንጥላ ነው፤ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ስለዚህ አንድ ልጅ ላሳያችሁ። ስሙን፣ ሰፈሩንና ወገኑን አልጠቅስም። ዕድሜው 17፣ ክፍሉ 11ኛ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ98 ነው። ኳስ ይዞ ሲገባ ከአካባቢው ልጆች የሚያቆመው የለም። ግን ልምምድ 11 ሰዓት ከተባለ 11 ሰዓት ከሩብ ይመጣል። ውርወራ ሲስት ባለበት ቆሞ ቅርጫቱን በግልምጫ ያያል፤ እሱ ሲገላምጥ የእርሱ ሰው ሌላኛው ቅርጫት ሥር ደርሶ አስቆጥሯል። ሲቀየር ማልያውን አውልቆ መሬት ላይ ይወረውራል።

ባለፈው የትምህርት ቤቶች ጨዋታ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ በ9 ነጥብ እየመራን ነበር። ዳኛው ፋውል ሲጠራበት ፊቱ ቆሞ አጨበጨበለት። ቴክኒካል ፋውል ተሰጠው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ኳሷን በእግሩ ለጋት። ሁለተኛ ቴክኒካል፤ በሕጉ መሠረት ከጨዋታው ተባረረ። በ3 ነጥብ ተሸነፍን። እንግዲህ ሒሳቡን አስሉት። ተጫዋቹ በደንቡ የሚወጣው በአምስተኛው ፋውል ነው፤ ጨዋታው አርባ ደቂቃ ነው፤ እሱ ግን አሥራ ስድስት ያህል ደቂቃ ሲቀር ራሱን አስወጣ። አራት ጓደኞቹ በዚያ ሙቀት የሮጡት ሩጫ ሁሉ ለአንድ ጭብጨባ ተከፈለ። አንደኛው ልጅ ማታ ላይ “እኔ ለምንድን ነው የሮጥኩት?” ሲል ሰምቻለሁ። ይህ ጥያቄ ከሽንፈቱ ይከፋል።

ነገር ግን ችኮላ አይበጅም። በጋምቤላ ያልታዘዘ የሚመስል ልጅ ሁሉ አልታዘዘም ማለት አይደለም። አሰልጣኙ በአማርኛ ይጮኻል፣ ልጁ ቤቱ የሚያወራው ኑዌርኛ ወይም አኝዋክኛ ነው፤ ከገጠር ወረዳ ከመጣ ገና ዓመቱ ነው። “ወደ ኋላ ተመለስ” የተባለው “ኳሷን መልስ” መስሎት ለጓደኛው ሲያቀብል አይቻለሁ። አንዳንዱ ደግሞ የሚያረፍደው ታናናሾቹን አብልቶ ስለሚመጣ ነው፤ ሌላው ምሳ ሳይበላ ስለመጣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ሰው “ሰነፍ” ይለዋል። መጀመሪያ መጠየቅ ነው። የእኛ ልጅ ግን ተጠይቋል። ቋንቋው ገብቶታል፣ ምሳውንም በልቷል። የእርሱ ችግር ሌላ ነው። እስከ ዛሬ ለሠራው ነገር ዋጋ ከፍሎ አያውቅም።

ለዚህ ደግሞ ተጠያቂዎቹ ትልልቆቹ ናቸው ብል አልሳሳትም። የቤት ሥራ ሳይሠራ “የእኛ ኮከብ” ተብሎ ይታለፋል። ሻይ ቤት ሲገባ ሒሳብ አይጠየቅም። ቀለል ያለ ጨዋታ ሲኖር ቢቀጣም ከባድ ተጋጣሚ ሲመጣ ቅጣቱ ይነሣለታል። እሱ ከዚህ የሚማረው አንድ ትምህርት ነው፤ ደንብ ማለት ለአጫጭሮቹ የወጣ ነገር ነው። በዚህ ላይ “ወረቀት አሠራልሃለሁ፣ ዕድሜህን ሁለት ዓመት እንቀንሰው” የሚል ደላላ ከመጣ የባሰ ይሆናል። በነገራችን ላይ ሴት ተጫዋቾቻችን ዘንድ ይህን ችግር ብዙም አላየሁም። ጥሩ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ማንም ምክንያት ስለማይፈጥርላቸው ነው። ስታረፍድ ትመለሳለች፣ አለቀ።

አእምሮስ ምን ይላል?

“ሲያድግ ይተወዋል” የሚሉት ሰዎች ከሳይንስ የተወሰነ ድጋፍ አላቸው። ከግንባራችን በስተኋላ ያለው፣ ችኩልነትን የሚገታውና ነገን የሚያስበው የአንጎል ክፍል ሙሉ በሙሉ የሚበስለው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ ነው። ስሜትና ደስታ ፈላጊው ክፍል ግን በጉርምስና ጊዜ ቀድሞ ይነቃል። ሞተሩ ተገጥሞ ፍሬኑ ገና በመንገድ ላይ እንዳለ መኪና ቁጠሩት።

የአቻ ግፊትንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጋርድነርና ስታይንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች በወጣት ታዳጊዎች፣ በሃያዎቹ መግቢያ ባሉና በትልልቅ ሰዎች ላይ ያደረጉት ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ በኮምፒውተር መኪና እየነዱ የትራፊክ መብራቱ ቢጫ ሲሆን መቆም ወይም መቀጠል ነበረባቸው። ብቻቸውን ሲሆኑና ጓደኞቻቸው ሲያዩአቸው ተለካ። ትልልቆቹ ላይ የጓደኛ መኖር ለውጥ አላመጣም። ታዳጊዎቹ ግን ጓደኛ ሲያይ የሚወስዱት አደጋ በእጅጉ ጨመረ። ያን ቀን ሜዳው ዳር የቆሙት ጀለሶች ባይስቁለት ኖሮ የእኛ ልጅ ለዳኛው ያጨበጭብ ነበር? አይመስለኝም። ሰው በሌለበት ጠዋት ፋውል ስጠራበት ዝም ብሎ ኳሷን ያቀብለኛል።

ታዲያ ዝም ብለን ሃያ አምስት ዓመት እስኪሞላው እንጠብቅ? እዚህ ላይ ነው ከእነዚያ ሰዎች የምለየው። ዕድሜ ፍሬኑን ይሰጣል እንጂ ፍሬን መርገጥን አያስተምርም።

ማስረጃ ካላችሁ ሮን አርቴስትን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 2004 ዲትሮይት አጠገብ በተደረገ ጨዋታ ላይ አንድ ተመልካች የመጠጥ ኩባያ ሲወረውርበት ተመልካቹ መሐል ዘሎ ገብቶ ተደባደበ። በወቅቱ ልክ 25 ዓመቱ ነበር! ከዓመቱ ቀሪ ጨዋታዎች ሁሉ ታገደ፤ ጥሎ ማለፉን ጨምሮ 86 ጨዋታ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው አበቃለት አለ። በ2010 ግን ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋር ሻምፒዮና ሆነ፤ በወሳኙ ሰባተኛ ጨዋታ ማብቂያ ላይ ባለ ሦስት ነጥቧን ያገባው እሱ ነው። ከጨዋታው በኋላ በቴሌቪዥን ፊት የአእምሮ ሐኪሙን አመሰገነ። የሻምፒዮንነት ቀለበቱን ለዕጣ አውጥቶ ገንዘቡን ለአእምሮ ጤና ሥራ አዋለ፤ በ2011 ሊጉ ለማኅበረሰብ አገልግሎት የሚሰጠውን ሽልማት ሰጠው። እርዳታ መፈለግ ወንድነትን አይቀንስም የምንለው ነገር እሱ ላይ በዓይን ታየ። ታሪኩ ግን እንደ ተረት እዚህ አያልቅም። ስሙን “የዓለም ሰላም” ወደሚል ትርጉም ያለው ስም ከቀየረ በኋላ፣ በ2012 ተጋጣሚውን በክርኑ መትቶ 7 ጨዋታ ታገደ። የባህርይ ለውጥ አንዴ ተወስዶ የሚያልቅ ክትባት አይደለም።

አለን አይቨርሰንን ደግሞ በሌላ በኩል አስቀምጡት። 1 ሜትር ከ83 ብቻ ሆኖ በ2001 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፤ ቡድኑንም ለፍጻሜ አደረሰ። በ2002 ስለ ልምምድ ሲጠየቅ ጋዜጠኞች ፊት “ልምምድ” የሚለውን ቃል ከሃያ ጊዜ በላይ እየደጋገመ አፌዘበት። እውነቱን ለመናገር በዚያ ወቅት የቅርብ ጓደኛው ተገድሎበት ሐዘን ላይ ነበር፤ ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በ2016 በታላላቆች መዝገብ ስሙ ሰፍሯል። ሻምፒዮንነትን ግን ሳያገኝ ኳስ ቆመ። ያለ ሥርዓት ሩቅ መሄድ ይቻላል ለሚሉኝ ተማሪዎቼ “አዎ ይቻላል” ነው የምላቸው። በአይቨርሰን ተሰጥኦ ከሆነ።

ተሰጥኦ ብቻውን ያልበቃው ደግሞ ሌን ባያስ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1986 በሁለተኛ ምርጫ ለቦስተን ተመረጠ፤ በሁለት ቀኑ በኮኬይን ምክንያት ሞተ። ስለእርሱ ከዚህ በላይ የሚባል የለም። አንድም የኤንቢኤ ጨዋታ አላደረገም።

ከሜዳ ውጭ ያለው ሜዳ

እስካሁን የተናገርኩት ሜዳ ውስጥ ስላለው ሥርዓት ነው። ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን ያስተማረን ማጂክ ጆንሰን ነው። ልምምድ ላይ የሚያህለው አልነበረም፤ ለጓደኞቹ ኳስ በማቀበል የታወቀ፣ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 7 ቀን 1991 በ32 ዓመቱ ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ መገኘቱን ለዓለም ተናገረ። ከብዙ ሴቶች ጋር ያለ ጥንቃቄ ግንኙነት ማድረጉን ራሱ በግልጽ ተናግሯል። ሜዳ ላይ ሰዓት የሚያከብር ሰው ከሜዳ ሲወጣ ሰዓቱን አውልቆ ማስቀመጥ ይችላል ማለት ነው።

የእርሱም ታሪክ ግን በዚያ አልቆመም። በ1992 ባርሴሎና ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ አጠለቀ፤ በ1996 ተመልሶ 32 ጨዋታ ተጫወተ። መድኃኒቱን በየቀኑ እየወሰደ ከሠላሳ ዓመት በላይ በጤና እየኖረ ነው። ጎበዝ፣ በየቀኑ ማለት ደስ ሲለውም ሲደብረውም ማለት ነው። ይህን እኛ ጋ የማነሣው በምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት መካከል የአገሪቱ የኤችአይቪ ስርጭት 0.9 በመቶ ሲሆን የጋምቤላ ግን 4.8 በመቶ ነበር። ጨዋታ አሸንፎ ማታ በድል ስሜት የሚወጣ፣ ሁሉም ሊጋብዘው የሚሻማ የ17 ዓመት ኮከብ ለሚገጥመው ምሽት ማንም ልምምድ አላሠራውም።

ወደ ልጃችን እንመለስ። ከተባረረበት ጨዋታ በኋላ ሁለት ነገር ሞከርን። አንደኛው ቀላል ነው፤ ቅጣቱ ለሁሉም እኩል ሆነ። ያረፈደ ማንም ይሁን ማን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ይቀመጣል፣ ለቡድኑም በጀሪካን ውሃ ይቀዳል። ሁለተኛው ደብተር ነው። ነጥቡን አልመዘግብም፤ ነጥቡን ሁሉም ይቆጥርለታል። እኔ የምመዘግበው ፋውል ከተጠራበት ወይም ኳስ ከሳተ በኋላ ወደ መከላከል ለመመለስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ነው። መጀመሪያው ሳምንት ስድስትና ሰባት ሰከንድ ነበር። ማጥቃት ራሱ በጠቅላላው 24 ሰከንድ በተሰጠበት ጨዋታ ሰባት ሰከንድ ዕድሜ ልክ ነው። በስምንተኛው ሳምንት ወደ ሦስት ወርዷል፤ ሜዳው ዳር ሰው ከበዛ ግን አሁንም አምስት ይገባል።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የአምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ልጆችን እንዲያለማምድ ሰጠነው። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ አንዱ ድንቢጥ የሚያህል ልጅ ውርወራ ስቶ ኳሷን በንዴት ለጋት። የእኛው ጀግና ሮጦ ሄዶ “ኳሷ ምን አደረገችህ? ዳኛ ቢኖር ያባርርህ ነበር እኮ!” ብሎ ጮኸበት። ከዚያ ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እኔ ምንም አላልኩም። እሱም ኳሷን ሊያመጣ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ነው ክልሉን ለሚወክለው የወጣቶች ቡድን ምርጫ የደረሰው። መራጮቹ ስለ ልጁ ባህርይ በጽሑፍ ጠየቁኝ። ጥሩ ብቻ ብጽፍለት ይገባ ነበር፤ ችሎታውን ሁሉም አይተዋል። ነገር ግን ሜዳው ሌላ ከተማ ነው፣ ዳኛው የማያውቀው ሰው ነው፣ ተመልካቹ ብዙ ነው። ሁለቱን ቴክኒካል ፋውሎች ጻፍኩ፤ የደብተሩን ሰከንዶችም ከሳምንት ሳምንት ዘርዝሬ ጻፍኩ፤ የቅዳሜውን ሥራም አከልኩበት። ደብዳቤው ከመሄዱ በፊት ጠርቼ አነበብኩለት።

“ቲቸር፣ ጭብጨባውንም ጻፉት?” አለኝ።

“ጽፌዋለሁ።”

“ሦስት ሰከንዱንስ?”

“እሱንም።”

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ “አምስቱን ባይጽፉት ጥሩ ነበር” ብሎ ወጣ።

ዝርዝሩ ሲወጣ ስሙ ከተጠባባቂዎቹ መሐል ነው፤ ከፊቱ ሁለት ልጆች አሉ። በሳምንቱ መጨረሻ እናቱን ሳገኛት አልጋ ላይ ተኝቶ ግድግዳ እያየ እንደሚውል ነገረችኝ። ሰኞ ለጠዋቱ ልምምድ አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ረቡዕ 12 ሰዓት ሲሆን ሜዳው ላይ ብቻውን ነበር፤ ነፃ ውርወራ እየወረወረ። አሥር ከወረወረው አራቱን ሳተ። በሳተ ቁጥር ራሱ ሮጦ ኳሷን ያመጣል። ሐሙስ ግን አርፍዶ ስለመጣ ጀሪካኑን ሰጠሁት፤ ምንም ሳይል ይዞ ወደ ቧንቧው ሄደ።